«ተባለ» 4,080 ብር አስከፈለኝ

ጅማ ውስጥ ቡና ሰብሳቢ የሆነ ሰው ጆሮው አያርፍም። በኅዳር የጀንፈል (ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና) ዋጋ ከሬዲዮም፣ ከስልክም፣ መርካቶ ካለው ሻይ ቤትም ይሰማል። አምና የባንክ ብድሬ መክፈያ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ «ከሰኞ ጀምሮ ይጨምራል» የሚለውን ይዤ 40 ፈረሱላ፣ ማለትም 680 ኪሎ፣ ከገበያው በኪሎ 6 ብር አስበልጬ ገዛሁ። የነገሩኝ ሀጂ የምንላቸው የማውቃቸው ሽማግሌ ስለመሆናቸው እምል ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ሳያጣሩ አይናገሩም።

ዋጋው ንቅንቅ አላለም። ሄጄ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ስለ ዋጋ ካወራን ወር አልፎናል» አሉኝ። ወሬው የአንድ መኪና ረዳት ነበር፤ ኋላ ራሱ ይቅርታ ጠየቀኝ። የሚገርመው፣ ከሀጂ ጋር የምንነጋገረው በአፋን ኦሮሞ ብቻ ሲሆን ጆሮዬ ላይ የቀረው ግን አማርኛ ነው። ወሬውን ይዤ ድምፁን ጥያለሁ።

ሥነ ልቦና የምታጠናው ታናሽ እህቴ ነገሩን አስረዳችኝ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ማርሻ ጆንሰንና ባልደረቦቿ በ1993 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) እንደጻፉት፣ አእምሮ ወሬን ከነናጋሪው ስም አያስቀምጥም፤ ከድምፁ፣ ከቦታውና ከስሜቱ ተነሥቶ ኋላ ይፈርዳል። ዝርዝሩ ሲሳሳ ለወሬው የሚመጥን ሰው ይመርጣል። በጭንቀት ጊዜ የሚመነጨው ኮርቲሶል ደግሞ ወሬን ከቦታና ከጊዜ ጋር የሚያስተሳስረውን ሂፖካምፐስንና የሚያመዛዝነውን የፊተኛውን የአንጎል ክፍል ይነካል። ጭንቀት ሁሉን ያስረሳል ማለት ግን አይደለም፤ ስለ ብድሩ ያስጠነቀቀኝን የባንክ ሠራተኛ እስከ ከረባቱ ቀለም አስታውሰዋለሁ።

ደብተር ገዛሁ። መጀመሪያ ማታ ማታ ነበር የምጽፈው፤ አልሠራም፣ እስከ ማታ ሰዎቹ ይደባለቁብኛል። አሁን እዚያው ቆሜ፣ ከዋጋው በፊት «ከማን» የሚለውን እሞላለሁ፤ ቦታውንና ቋንቋውንም እጨምራለሁ። «ተባለ» ደብተሬ ውስጥ አይገባም። ባለቤት የሌለው ግሥ ነው፤ አሉባልታም ስሙን ያገኘው ከ«አሉ» ይመስለኛል። «ከማን» ባዶ ከሆነ አልገዛም። በዚህ ምክንያት አንድ እውነተኛ ጭማሪ አምልጦኛል፤ ቆጭቶኛል።

ባለፈው ሀጂ ደብተሩን አይተው፣ «እኔንስ ጽፈኸኛል?» አሉ። ገልጬ አነበብኩላቸው፦ «ሀጂ፣ ሐሙስ፣ ሚዛኑ አጠገብ፣ በአፋን ኦሮሞ። ስለ ዋጋ ምንም አላሉም።»