ሳሩ የጠማው ውኃ አልነበረም

የግቢ ሳር ቡናማ ሲሆን የሁሉም ሰው እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ውኃ ጎማው ነው። በአትክልት ሥራ ላይ እንደዚህ በችኮላ የሚሰጥ ምርመራ አላየሁም። "ጠምቶት ነው" ይባላል፤ ቧንቧው ይከፈትለታል።

አንዲት ደንበኛችንም የደወሉልን ይህን ሁሉ ከሞከሩ በኋላ ነበር። የሙቀት ወቅት ነው፤ ሌሊቱም አይበርድም። ሳሩ ላይ ክብ ክብ ቡናማ ቦታ ወጥቷል፤ አንዳንዱ የሰሃን ያህል፣ አንዳንዱ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ።

"ማታ ማታ አጠጣዋለሁ፣ ዩሪያም ጨመርኩለት። ጭራሽ ባሰበት!" አሉን።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ መርጫውን አዝሎ ተዘጋጅቷል። "ፈንገስ ነው፣ እንርጨውና እንሂድ" አለኝ። እኔም የጠረጠርኩት ፈንገስ ነው። ግን በቀትር ፀሐይ ቡናማ ሳር ሁሉ አንድ ይመስላል። ውኃ ያጣው፣ ሥሩን ትል የበላው፣ ውሻ የሸናበት፣ ሁሉም ከሩቅ ያው ነው። በማግስቱ ጤዛው ሳይረግፍ እንምጣ አልኩት።

በጠዋት ነገሩ ራሱን አጋለጠ። በክቡ ጠርዝ ላይ ጭስ የመሰለ ግራጫ ቀለበት ዞሯል። ጎንበስ ስል ቅጠሎቹ መሃል ነጭ ድር አየሁ። ብዙ ሰው የሸረሪት ነው ብሎ ያልፈዋል። የሸረሪት ድር ከላይ ይዘረጋል፤ ይሄ ግን ቅጠሉ ላይ ተጣብቆ ይውልና ጤዛው ሲደርቅ ይጠፋል። አንድ ቅጠል ቀጠፍኩ። የገለባ ቀለም ያለው ነጥብ አለበት፣ ዙሪያው በጥቁር ቡናማ መስመር ተከቧል። እፍኝ ሳር ይዤ ሳብኩ፤ አልለቀቀም። ሥሩን ትል በልቶት ቢሆን ኖሮ እንደ ምንጣፍ ተላቆ ይመጣ ነበር። ራይዞክቶኒያ የሚባለው ፈንገስ ነው።

"ውኃው ስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው?"

"ማታ 2 ሰዓት። ፀሐይ እንዳያተነው ብዬ።"

ሐሳባቸው መጥፎ አይደለም። ችግሩ፣ ቅጠሉ ከማታ 2 እስከ ጠዋት 3 ሰዓት እርጥብ ሆኖ ያድራል። ይሄ ፈንገስ ደግሞ ሌሊቱ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆንና ቅጠሉ 10 ሰዓት ያህል ሳይደርቅ ሲቆይ ይፈነጫል። የዩሪያው ናይትሮጅን የሚያወጣው ለስላሳ ቅጠልም ይመቸዋል። ሴትየዋ በሽታውን ሲቀልቡት ነው የከረሙት።

"እትዬ፣ ዩሪያውን ለጊዜው ይተዉት። ውኃውንም ወደ ንጋት እናዙረው።"

"ታዲያ የምከፍላችሁ ምንም እንዳትሠሩ ነው?" ተቆጡ። አልፈርድባቸውም። መርጫ ያዘለ ሰው ቆሞ ሲያወራ ማየት ያናድዳል።

ውኃውን በራሱ የሚከፍተውን ሰዓት ቆጣሪ ወደ ሌሊት 11 ቀየርነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ቅጠሉ ቶሎ እንዲደርቅ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማርከፍከፉም ቀረ፤ አልፎ አልፎ፣ ግን ሥር ድረስ እንዲዘልቅ ሆነ። ማጨድ ሳሩ ሲደርቅ ብቻ። ከዚያ መድኃኒቱን ረጨን፣ አዞክሲስትሮቢን ያለበት። ልጁ "እጥፍ እናድርገው፣ ቶሎ እንዲለቅ" አለ። እሺ አላልኩትም። ዕቃው ላይ የተጻፈው መጠን ዝም ብሎ የተጻፈ አይደለም። አንዱን መድኃኒት መደጋገምም ፈንገሱን ያላምደዋል፤ ሁለተኛ ዙር ካስፈለገ አሠራሩ ወደተለየ፣ ለምሳሌ ወደ ፕሮፒኮናዞል እንቀይራለን ተባባልን።

ብዙም ሳይቆዩ ደወሉ። "መድኃኒታችሁ አልሠራም! ቡናማው እንዳለ ነው።"

ሄድኩ። እውነታቸውን ነው፣ እንዳለ ነው። የሞተ ቅጠል በመድኃኒት አይነሳም፤ መድኃኒቱ የሚጠብቀው ጤነኛውን ነው። እኔ የማየው ጠርዙን ነበር። ጭስ መሳዩ ቀለበት የለም፣ ክቡም አልሰፋም። የደረቀውን በጣቴ ገለጥ ሳደርገው ከታች አረንጓዴ ቡቃያ ብቅ ብሏል። "እዚህ ጋ ይዩ" አልኳቸው። መነጽራቸውን አምጥተው ጎንበስ አሉ። ስለ ክፍያ ያን ቀን ሌላ አልተናገሩም።

ሳሩ ቀስ በቀስ ሞላ፣ ከዛፉ ሥር ካለው ጥግ በቀር። እዚያ ነፋስ አይገባም፤ ፀሐይም ዘግይታ ነው የምትደርሰው። ሁለት ሦስት ቅርንጫፍ ይቆረጥ ብዬ ጠየቅኩ። "ዛፌን እንዳትነኩ" አሉ፤ ጉዳዩ ተዘጋ። ስለዚህ ሙቀቱ ሊገባ ሲል ያቺን ጥግ ብቻ ምልክት ሳይታይ ቀድመን እንረጫታለን። እግረ መንገዴንም የውኃውን ሰዓት ቆጣሪ አያለሁ፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ወደ ድሮው ማታ የመመለስ አመል አለው።