ፒስ ሊሊዬ አበበች፣ ክረምቱን ግን በጭንቅ ነው ያለፍነው

ዛሬ ጠዋት መጋረጃውን ስከፍት ፒስ ሊሊዬ ነጭ አበባ አውጥታ አገኘኋት። ገና ሙሉ በሙሉ አልተከፈተችም፤ ጫፏ ላይ አረንጓዴ ነገር አለ። ሐምሌ ላይ ሞታለች ብዬ ልጥላት ነበር። ደስታዬን ብቻዬን መያዝ አቃተኝ። እንደኔ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አበባ ለማሳደግ የምትታገሉ ካላችሁ፣ በዚህ ክረምት ያየሁትን ላካፍላችሁ።

የጀመርኩት ከሁለት ዓመት በፊት ነው፣ ጎረቤቴ በሰጠችኝ የፖቶስ ቁራጭ። ፖቶስ ሐረግ ስለሆነ ውሃ ውስጥ ሥር ያወጣል። አንጓው ግን ውሃው ውስጥ መግባት አለበት። ቅጠል ብቻ ቆርጣችሁ ብታስቀምጡ ሐረግ አይሆንም። ቀጥሎ ስኔክ ፕላንት፣ ከዚያ ዚዚ ፕላንት ገዛሁ። ዚዚ አፈር ውስጥ ድንች የመሰለ የውሃ ስንቅ አላት፤ ወር ሙሉ ረስቻት ምንም አልሆነችም። ሁለት ዓመት ያለ ችግር ሲያልፍ አበባ ማሳደግ የቻልኩ መሰለኝ።

ፒስ ሊሊዋን ግንቦት ላይ ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ ገዛኋት። ከነአፈሯ ወደ ሸክላ አዛወርኳት፣ አማረች። ሐምሌ ላይ ግን አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ቅጠሎቿ በሙሉ ጠውልገው የሸክላው ጠርዝ ላይ ተደፍተዋል። ፒስ ሊሊ ሲጠማት እንደምትጠወልግ አውቃለሁና ውሃ ሰጠኋት። በነጋታው አልተነሳችም። ጨመርኩላት። በሳምንቱ ቢጫ ቅጠል መጣ።

የኛ ሰፈር ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። ውሃ በመጣ ቀን ጀሪካኑ ይሞላል፣ ልብስ ይታጠባል፣ አበባውም አብሮ ይጠጣል። በበጋ ይህ ልማድ አልጎዳኝም። ክረምት ላይ ግን ፀሐይ የለም፣ ቤቱ ይቀዘቅዛል፣ አፈሩ በሳምንትም አይደርቅ። እኔ ግን የምሰማው ቧንቧውን ነበር።

በመጨረሻ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ውሃ እየሰጠኋት ትጠወልጋለች።»

«ሥሯን አይተሽዋል?»

«አላየሁም።»

«አውጥተሽ እዪያ ልጄ! መረሬ ላይ ውሃ የተኛበት ስንዴም እኮ እንዲሁ ነው የሚሆነው።»

እናቴ ያደገችው ሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ ነው። እዚያ አፈሩ መረሬ፣ ማለትም ጥቁር ጭቃማ አፈር ነው። በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ሲገባ ያብጥና ውሃ አላሳልፍም ይላል። ስለዚህ ቤተሰቡ በሙሉ ወጥቶ ማሳው ላይ በእጁ ከፍ ያለ መደብ ይሠራል። በመደቦቹ መካከል ቦይ ይተዋል፣ ትርፉ ውሃ በዚያ ይወርዳል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ነው የኖርኩት። ሳሎኔ ውስጥ ያለው ሸክላም ማሳ መሆኑ ግን አልታየኝም።

ጋዜጣ ዘርግቼ አወጣኋት። አፈሩ እንደ ሊጥ እጄ ላይ ተጣበቀ። ራሱ መረሬ ነው! ሽታው የቆመ ቦይ ሽታ ነው። አንዱን ሥር በሁለት ጣቴ ይዤ ሳብ ሳደርገው ላዩ ተገሽልጦ እጄ ላይ ቀረ፣ ከውስጥ ቀጭን ክር ብቻ ተረፈ። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለና ጠንካራ ነው። እሷ ጋ እንደዚያ ያሉት አምስት ወይም ስድስት ብቻ ነበሩ።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ሥር አየር ይፈልጋል። አፈሩ ውስጥ ያለው ክፍተት ሁሉ በውሃ ከተሞላ ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ አይችልም። ስለዚህ ተክሏ ውሃ ውስጥ ቆማ ትጠማለች። እኔ ጥማቷን እያየሁ የሚገድላትን ነገር እጨምርላት ነበር። በጣም ነው ያዘንኩት።

የበሰበሰውን በንጹሕ መቀስ ቆረጥኩ፣ አፈሩን ሙሉ በሙሉ ቀየርኩ። እዚህ ላይ ነው ቀይ አሽ የረዳኝ። መንገድ ሲሠራ የሚደፋውን ቀዩን፣ ቀዳዳ የበዛበትን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰፈራችን ግንባታ ቦታ ላይ ክምር ስለነበር ጥበቃውን «ጋሼ፣ ትንሽ ልውሰድ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። በፌስታል ሞልተው ሰጡኝ። በወንፊት ነፋሁት፣ ዱቄቱን አጠብኩት፣ ከሽምብራ ከፍ ያለውን ለየሁት። ሁለት ጣሳ ቀይ አፈር፣ አንድ ጣሳ ኮምፖስት፣ አንድ ጣሳ ቀይ አሽ። አሁን ሁሉንም አበባ በዚህ ነው የምተክለው።

«ከሥር ጠጠር አድርጊበት» የሚለውን ምክር ግን አልቀበልም። እኔም አድርጌው ነበር፣ ፒስ ሊሊዋም ከሥሯ ጠጠር ነበራት። ደቃቅ አፈር ላይ ያለ ውሃ አፈሩ እስኪጠግብ ድረስ ወደ ጠጠሩ አይወርድም። ከጠጠሩ በላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ያም ቦታ ሥሩ ያለበት ነው። ድንጋዩ ከሥር መነጠፍ ሳይሆን ከአፈሩ ጋር መደባለቅ አለበት። ቀዳዳም የግድ ነው። የቀለም ባልዲ በሚስማር በስቼ የተከልኩበት ፖቶስ ከውዱ ማስቀመጫ በልጧል።

ሁለተኛው ነገር ስንጥር ነው። ውሃ ከመስጠቴ በፊት ስንጥሩን እስከ ሸክላው ግማሽ አስገብቼ ትንሽ አቆየዋለሁ፤ ስመዘው አፈር ይዞ ከወጣ ውሃ የለም። ንጹሕ ሆኖ ሲወጣ ነው የምሰጠው። ስሰጥም በደንብ ነው፣ ከሥር እስኪፈስ። ከዚያ ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን እደፋለሁ። ውሃ ከመጣ ጀሪካኑን ሙሉና ተዉት፣ አበባው ይጠብቃል።

ስለ ብርሃን ብዙ የምለው የለም። ክረምት ላይ ወደ መስኮት አስጠጓቸው፣ ከኅዳር በኋላ ቀጥታ ፀሐይ ቅጠላቸውን እንዳያቃጥል መለስ አድርጓቸው። በበጋ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉላቸው። ትንሽ ልጅ ወይም ድመት ካላችሁ ደግሞ ፖቶስና ፒስ ሊሊን ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡ፤ ሲታኘኩ አፍና ጉሮሮ በጣም ያቃጥላሉ። የቡና አተላ አፈር ላይ መድፋቱንም ትቻለሁ፣ ሻጋታ አወጣብኝ። ፈርን ሁለት ጊዜ ሞታብኛለች፤ ስለ እሷ ምክር የምሰጥበት አቅም የለኝም።

ዚዚዋ አሁንም ቀዳዳ በሌለው ነጭ ሴራሚክ ውስጥ ናት። የሠርጋችን ስጦታ ስለሆነ መብሳት አልቻልኩም። እሷን በተበሳ ፕላስቲክ ተክዬ ውስጡ አስቀመጥኳት። ውሃ ስሰጣት አውጥቼ መታጠቢያው ላይ አንጠፈጥፋታለሁ፣ ከዚያ ወደ ቦታዋ እመልሳታለሁ።