ጭስንና አቧራን በሳተላይት ምስል መለየት፦ እስካሁን የተማርኩት

የሰደድ እሳት ጭስንና ነፋስ የሚያነሳውን አቧራ በሳተላይት ምስል መከታተል ከጀመርኩ ወዲህ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ልማድ፣ በአየር ላይ ያየሁት ብናኝ በየትኛው ምስል ላይ እንደሚጠፋ መፈለግ ነው። ወርልድቪው በተባለው የናሳ ድረ ገጽ ላይ የሚገኘው የተፈጥሮ ቀለም ምስል ለጀማሪ እጅግ የሚማርክ ቢሆንም፣ ጭስን ከአቧራ፣ ሁለቱንም ደግሞ ከስስ ደመና ለመለየት ብቻውን አይበቃም።

የልዩነቱ መነሻ የቅንጣቶቹ መጠንና የተሠሩበት ነገር ነው። አብዛኛው የጭስ ቅንጣት ከአንድ ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) በታች ስለሆነ የፀሐይን ብርሃን በሚገባ ይበትናል፤ የሞገድ ርዝመቱ 10 ማይክሮሜትር አካባቢ የሆነውን፣ ከምድር የሚወጣውን የሙቀት ጨረር ግን ከሞላ ጎደል ሳይነካው ያሳልፈዋል። የበረሃ አቧራ በአንጻሩ ተለቅ ያሉ ቅንጣቶችና የሲሊኬት ማዕድናት ስላሉት የሙቀት ጨረሩን ይመጥጣል፤ በ10.8 ማይክሮሜትር የሚመጥጠውም በ12 ማይክሮሜትር ከሚመጥጠው ይበልጣል። ከበረዶ ቅንጣቶች በተሠራ ስስ ደመና ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ደስት አርጂቢ የሚባለው ምስል የተቀመረው በዋናነት በዚህ ልዩነት ላይ ሲሆን፣ አቧራን በደማቅ ሮዝ ቀለም ያሳያል፤ የፀሐይ ብርሃን ስለማያስፈልገውም ሌሊት ይሠራል። ሆኖም አየሩ ብዙ እርጥበት ሲኖረው ሮዙ ስለሚደበዝዝ፣ ቀለሙ አልታየም ብሎ አቧራ የለም ማለት አይቻልም።

ይህን ምስል ማንበብ የተማርኩት በቻድ የሚገኘውን የቦዴሌን ረባዳ ምድር በመከታተል ነው፤ ለሚጀምር ሰውም ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ቦዴሌ የጥንቱ ሰፊ የቻድ ሐይቅ ደርቆ የቀረ ወለል ሲሆን፣ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ነፋስ በቲቤስቲና በኤኔዲ ተራሮች መካከል ሲያልፍ ፈጥኖ የሚወርድበት ስፍራ ነው። በዲሴምበርና በጃንዋሪ፣ በየ15 ደቂቃው የሚመጡትን፣ ሜቴኦሳት የተባለው ሳተላይት የሚያነሳቸውን ምስሎች አከታትሎ የሚመለከት ሰው፣ ፀሐይ ወጥታ መሬቱ መሞቅ ሲጀምር፣ ሌሊቱን ከመሬት ከፍ ብሎ ሲነፍስ ያደረው ፈጣን ነፋስ ወደ ታች ሲደርስ የሚሆነውን በዓይኑ ያያል፦ መጀመሪያ ጥቂት ሮዝ ነጥቦች ብቅ ይላሉ፣ ከዚያ ነጥቦቹ ወደ ደቡብ ምዕራብ እየተሳቡ ተያይዘው አንድ ረጅም ጅራት ይሆናሉ። ያው አቧራ በተፈጥሮ ቀለም ምስል ላይ ነጣ ብሎ ይታያል፤ ምክንያቱም የሐይቁ ወለል በአብዛኛው ዳያቶም ከሚባሉ ደቂቅ የውኃ አልጌዎች ቅሪት የተሠራ ነው።

ለጭስ የተጠቀምኩበት ምሳሌ እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ከካናዳዋ ኬቤክ ተነሥቶ ኒው ዮርክን የሸፈነው ነው። ጎስ 16 የተባለው ሳተላይት በቀን ብርሃን ባነሳቸው ምስሎች ላይ ጭሱ ግራጫና ቡናማ ሆኖ ሲፈስ በግልጽ ይታያል፤ በተለይ ፀሐይ ዝቅ ባለችበት ጠዋትና ማታ፣ ቅንጣቶቹ ብርሃኑን በብዛት ወደ ፊት ስለሚበትኑ ስሱ ጭስ እንኳ ይጎላል። ወደ ሙቀት ጨረሩ ቻናል ሲዞሩ ግን ያ ሁሉ ጭስ ይሳሳና በሥሩ ያለው መሬት ይወጣል። በብርሃን መታየቱና በሙቀት መጥፋቱ በአንድነት ሲገኙ ለእኔ የጭስ ፊርማ ናቸው። መነሻውን ለማግኘት ቪየርስ የተባለው መሣሪያ በ375 ሜትር ፒክስል የሚለያቸውን የእሳት ነጥቦች እጨምራለሁ፤ ወፍራም ደመና ሲሸፍናቸው ግን ነጥቦቹ አይታዩም።

ጥርጣሬ ሲቀር እ.ኤ.አ. በ2017 የመጠቀው ሴንቲኔል 5ፒ ይረዳል። አልትራቫዮሌት ብርሃንን በመለካት የሚሰላው የኤሮሶል (በአየር ላይ የተንሳፈፈ ብናኝ) ኢንዴክስ ብርሃን መጣጭ ብናኝን በነጭ ደመናና በበረሃ ላይ ሳይቀር ያሳያል፤ ነገር ግን ለጭስም ለአቧራም ከፍ ስለሚል ሁለቱን አይለይም። የሚለየው በዚያው መሣሪያ የሚለካው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ጭስ ይህን ጋዝ ይዞ ይጓዛል፣ የበረሃ አቧራ ግን አያመነጨውም። ጋዙ በአየር ውስጥ ለሳምንታት ስለሚቆይም፣ ጭሱ ሳስቶ ለዓይን ከጠፋ በኋላ መንገዱን ለመከተል ያስችላል።

እስካሁን ካነሳኋቸው ምስሎች አንዳቸውም በቀጥታ የማይመልሱት ከፍታን ነው። ሳተላይቱ የሚያየው ከላይ እስከ ታች ያለውን የአየር ዓምድ ስለሆነ፣ ወፍራም ጭስ ከላይ ሲያልፍ በመሬት ላይ ያለው አየር ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ የኤሮሶል ኢንዴክስም ለመሬት ቅርብ የሆነውን ብናኝ አሳንሶ ያሳያል። ስለዚህ ምስል ብቻ አይቶ ስለ መተንፈሻ አየር ከመናገር ተቆጥቤ የምድር መለኪያዎችን አስተያያለሁ። የብናኙን ከፍታ በሌዘር ይለካ የነበረው ካሊፕሶ እ.ኤ.አ. በ2023 ሥራውን ስላበቃ፣ አሁን እ.ኤ.አ. በ2024 የመጠቀውን የኧርዝኬርን መረጃ ማንበብ በመማር ላይ ነኝ፤ ሌዘሩ ከሳተላይቱ መንገድ ሥር ያለውን ቀጭን መስመር ብቻ ስለሚለካ፣ ቀጣዩ ሥራዬ ያ መስመር የቦዴሌን ጅራት የሚያቋርጥባቸውን ቀናት መፈለግ ነው።