ፑዮ ፑዮ ላይ ከሁለት ሰንሰለት ወደ አሥር የደረስኩበት መንገድ

ፑዮ ፑዮ ማለት ፑዮ የሚባሉ ባለቀለም እንክብሎች ከላይ የሚወርዱበት የጃፓን ቪዲዮ ጨዋታ ነው፤ የአንዱ መጥፋት ሌላውን እያስከተለ ሲሄድ ሰንሰለት ይባላል። ሰንሰለት የሚሠራው ከጭራው ነው። መጨረሻ የሚጠፋው ቀለም መጀመሪያ ይቀመጣል፤ የሚለኩሰው ፑዮ መጨረሻ ይጣላል። ከሁለትና ከሦስት ሰንሰለት አልፌ አሥር የደረስኩት እንዲህ ገልብጬ ማሰብ ስጀምር ነው። ከዚያ በፊት አራት ተመሳሳይ ባገኘሁ ቁጥር አጠፋ ነበር።

የተለማመድኩት እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው በሁለተኛው ጨዋታ፣ በፑዮ ፑዮ ጹ ሕግ ነው። የመጀመሪያውን ፑዮ ፑዮ የሂሮሺማው ኩባንያ ኮምፓይል በ1991 ሲያወጣ ሜዳው ያው ነበር፦ 6 ዓምድ፣ የሚታይ 12 ረድፍ። በጹ ላይ ከዚህ በላይ የማይታይ 13ኛ ረድፍ አለ። ፑዮዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በ3ኛው ዓምድ አናት ይገባሉ። አራት ተመሳሳይ ቀለም በጎን ወይም በላይና በታች ሲነካካ ይጠፋል፤ ሰያፍ አይቆጠርም። ከላይ የነበረው ወድቆ ሌላ አራት ከገጠመ ሁለተኛው እርከን ተጀመረ። በአንድ ግጥሚያ 4 ቀለም ብቻ ይመጣል። ዛሬ ይህን ሕግ ለመሞከር የድሮ ማሽን አያስፈልግም፤ ፑዮ ፑዮ ቻምፒየንስ በሚባለው አዲስ ጨዋታ ውስጥ አለ።

ትዕግሥት የሰጠኝ ነጥቡን በወረቀት ማስላቴ ነው። የጠፉት ፑዮዎች ብዛት በ10፣ ከዚያም በእርከኑ ማባዣ ይባዛል። ማባዣው በ1ኛው እርከን 1፣ ቀጥሎ 8፣ 16፣ 32፣ 64 ነው፤ ከዚያ በኋላ በየእርከኑ 32 ይጨመርበታል። ብዙ ቀለም በአንዴ ሲጠፋ ወይም ከአራት በላይ ሲያያዝ ተጨማሪ ነጥብ አለ፤ ግን ዋናው ይህ ነው። በተጋጣሚ ላይ የሚወርደው ግራጫ ፑዮ ዋጋው 70 ነጥብ ነው። አራት ፑዮ ብቻውን ሲጠፋ 40 ነጥብ ስለሚያመጣ አንድ ግራጫ እንኳ አይሞላም። በየእርከኑ አራት አራት ቢጠፋ ሁለት ሰንሰለት 5 ግራጫ፣ ሦስት 14፣ አራት 32፣ አምስት 69 ይልካል። የሚታየው ሜዳ 72 ቦታ ብቻ ስለሆነ አምስት ሰንሰለት ያልተዘጋጀን ተጋጣሚ ይጨርሳል። አሥር ደግሞ 36,840 ነጥብ፣ ማለትም 526 ግራጫ ነው።

መጀመሪያ የተማርኩት ደረጃ የሚባለውን አደራደር ነው። ቀ ቀይ፣ አ አረንጓዴ፣ ሰ ሰማያዊ፣ ቢ ቢጫ፣ ነጥቡ ባዶ ቦታ ይሁን፦

· ቀ አ ሰ ቢ ·
ቀ አ ሰ ቢ ቀ ·
ቀ አ ሰ ቢ ቀ ·
ቀ አ ሰ ቢ ቀ ·

6ኛው ዓምድ ላይ አንድ ቀይ ሲጣል የ5ኛው ዓምድ ሦስት ቀይ አብሮት ይጠፋል። በላዩ የነበረው ቢጫ ወለል ላይ ይወድቅና ከጎኑ ካሉት ሦስት ቢጫዎች ጋር ይገጥማል። ከዚያ ሰማያዊው፣ አረንጓዴው፣ በመጨረሻም የግራው ቀይ ይከተላል። ይህ አምስት ሰንሰለት በ20 ፑዮ፣ ማለትም ሁሉም ቀለም እንደተፈለገው ቢመጣ በ10 ጥንድ ያልቃል። ከላይ የተቀመጠውን ነጠላ ፑዮ ቆብ፣ የሚለኩሰውን ደግሞ ክብሪት እላቸዋለሁ።

ብዙ ጊዜ ያበላሸብኝ የቆቡ መቸኮል ነው። 2ኛው ዓምድ ላይ አረንጓዴው ገና ሁለት ሳለ ቀዩ ቆብ ከተጣለ 3ኛው ረድፍ ላይ ያርፋል፤ እዚያ ከግራው ቀይ ጋር ስለሚነካካ አራቱ ወዲያው ይጠፋሉ፣ የሰንሰለቱ ጭራም አብሮ ይሄዳል። መዘግየት ግን ይቅር ይባላል። በቆቡና በሦስቱ መካከል የማይመለከተው ቀለም አንድ ወይም ሁለት ቢገባ ቆቡ 2ኛው ወይም 3ኛው ረድፍ ላይ ወድቆ አሁንም ጎረቤቱን ይነካል። ሦስት ከገባ 4ኛው ላይ ይቀራል፤ ሰንሰለቱም እዚያው ይቆማል። ይህን ካወቅሁ በኋላ የማይፈለግ ጥንድ ሲመጣ መደንገጥ ተውኩ።

የማይፈለገውን ጥንድ 6ኛው ዓምድ ላይ መከመር ሌላው ጥፋቴ ነበር፤ የክብሪቱን ቦታ ይዘጋል። የተሻለው ማከማቻ 1ኛው ዓምድ አናት ነው፣ ቀይ እስካልሆነ ድረስ። እዚያ ቀይ ካረፈ ከታቹ ካሉት ሦስቱ ጋር ይጠፋል። 3ኛውን ዓምድ ግን ሁልጊዜ ዝቅ አድርጌ ነው የምይዘው፤ 12ኛው ረድፉ ከተያዘ ጨዋታው አበቃ።

በ6 ዓምድ ላይ ደረጃው ከአምስት ብዙም አያልፍም። ከዚያ በላይ ለመውጣት ሁለተኛ ፎቅ ያስፈልጋል፤ ፎቆቹን የሚያገናኘው መታጠፊያ ነው። ጃፓኖች ጂቲአር የሚሉትን መረጥኩ፤ «ግሬት ታናካ ሬንሳ» (የታናካ ታላቅ ሰንሰለት) የሚለው ሲያጥር ነው፣ ስሙም ታናካ ከሚባል ተጫዋች የመጣ ነው፦

ቀ አ ሰ · · ·
ቀ ቀ አ · · ·
አ አ ሰ ሰ ሰ ·

1ኛው ዓምድ ላይ ቀይ ሲወርድ አራቱ ቀይ ይጠፋሉ። የ2ኛው ዓምድ አረንጓዴ አንድ ረድፍ ዝቅ ብሎ ከታቹ ካሉት ሁለትና ከቀኙ ካለው ጋር አራት ይሆናል። ከዚያ የ3ኛው ዓምድ ሰማያዊ ወርዶ ወለል ላይ ያሉትን ሦስት ያሟላል። የላይኛው ፎቅ ከቀኝ ወደ ግራ እየጠፋ መጥቶ የመጨረሻውን ቀይ 1ኛው ዓምድ ላይ ይጥላል፤ የታችኛው ፎቅ ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ ይቀጥላል። ስለዚህ መታጠፊያውን ሁልጊዜ በመጀመሪያዎቹ ጥንዶች እጨርሳለሁ። ዘግይቼ ልሠራው ስሞክር ማዕዘኑ በሌላ ቀለም ተይዞ ይጠብቀኛል።

ሌላው ክብሪት መጠበቅ ነው። አራቱ ቀለማት እኩል ዕድል ካላቸው የምፈልገው አንድ ቀለም በሚመጣው ጥንድ ውስጥ የመገኘቱ ዕድል 7/16 ነው፣ ከግማሽ ያነሰ። ሁለት የተለያዩ ቀለማት ሊለኩሱት ከቻሉ ግን 3/4 ይሆናል። ስለዚህ ከላይ በኩል ሁለተኛ ክብሪት የሚቀበል ቦታ ሳላዘጋጅ ሰንሰለቱን አልዘጋም። ጹ ቀጣዮቹን ሁለት ጥንዶች ስለሚያሳይ ዓይኔን ከሚወርደው ላይ አንሥቼ እነሱ ላይ ማድረግ ነበረብኝ። ይህ ልማድ ከጣት ፍጥነት የበለጠ ጠቅሞኛል።

13ኛው ረድፍ ላይ ያለ ፑዮ ወደ 12ኛው እስካልወረደ ድረስ ለአራት አይቆጠርም። ጥግ ድረስ ሞልቼ ክብሪቱን እዚያ ስሰቅለው ምንም ያልሆነው ለዚህ ነው።

ከሰው ጋር ሲሆን ግራጫዎቹ ይመጣሉ። በአንድ ጊዜ ቢበዛ 30፣ ማለትም አምስት ሙሉ ረድፍ ይወርዳሉ፤ የሚጠፉትም ከጎናቸው ቀለም ሲጠፋ ብቻ ነው። ክብሪቴ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ከሆነ አምስት ግራጫ እንኳ ሊሸፍነው ይችላል። የ1992ቱ የአርኬድ (የሳንቲም ማሽን) ጨዋታ ለዚህ መከላከያ አልነበረውም፤ ጹ ማካካስን አመጣ። የእኔ ሰንሰለት የሚልከው ግራጫ መጀመሪያ የተጋጣሚዬን ይሰርዛል፣ የተረፈው ወደ እሱ ይሄዳል። የእሱ ሰንሰለት እስኪያበቃ ድረስ ግራጫው ስለማይወርድ ረጅም ሲለኩስብኝ ሁለት ሦስት ጥንድ ለመጨመር ጊዜ አገኛለሁ። ለአጭር ጥቃት ደግሞ ከትልቁ ሰንሰለት ጋር የማይነካካ ሁለት ሰንሰለት ቀኝ ጫፍ ላይ እይዛለሁ፤ የሚልከው 5 ግራጫ የእሱን ሁለት ሰንሰለት ልክ ይሰርዛል፣ ትልቁም ሳይነካ ይቆያል።