አርኤፍ ፖዘቲቭ የሆነ ሁሉ ሩማቶይድ የለበትም

ጅማ ዙሪያ የቡና ለቀማ ሲደርስ ጣቱን ወይም ወገቡን የማያመው ሰው ጥቂት ነው። ብዙው «ቁርጥማት ነው» ብሎ ይከርምና ሲብስበት ላብራቶሪ ገብቶ የቁርጥማት ምርመራ ይጠይቃል። በእጁ የሚመለሰው ወረቀት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት መስመር አለ፤ አርኤፍ (ሩማቶይድ ፋክተር) እና ኤኤስኦ።

ኤኤስኦን አስቀድመን እንሸኘው። አውቶአንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነት በራሱ ላይ የሚያመርተው ፀረ እንግዳ አካል፣ አይደለም። ሰውነት ለስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ የሰጠው መልስ ነው፤ ስለ ጉሮሮ ሕመም እንጂ ስለ ጉልበት ብዙም አይናገርም። የ45 ዓመት ሴት ጉልበቷን ስላመማትና ኤኤስኦዋ ከ200 ስላለፈ ብቻ በየወሩ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የምትወጋበት ምክንያት የለም። ያ መርፌ የሩማቲክ ፊቨር ነው። እሱ ደግሞ በአብዛኛው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን የሚይዝ፣ ከመገጣጠሚያ መገጣጠሚያ የሚዘዋወርና ልብን የሚጎዳ በሽታ ነው።

አርኤፍ ግን አውቶአንቲቦዲ ነው፤ አይጂጂ በሚባለው የራስ ፀረ እንግዳ አካል ላይ ይጣበቃል። ሩማቶይድ አርትራይተስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት በሽታ) ካለባቸው 10 ሰዎች በ7ቱ ገደማ ይገኛል። ጣጣው ሌላም ቦታ መገኘቱ ነው፦ ሄፓታይተስ ሲ፣ ቲቢ፣ የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን፣ ካላዛር፣ ወባ፣ ዕድሜው የገፋ ጤነኛ ሰውም ጭምር። ሒሳቡን እንሥራው። 1,000 ሰው ምልክት ሳይታይ ተመረመረ እንበል። በሽታው ከ100 ሰው አንዱን ይይዛል ብንል 10 ታማሚ አለ፤ ምርመራው 7ቱን ያገኛል። ከቀሩት 990 ሰዎች 10 በመቶው ያለ በሽታው ፖዘቲቭ ቢሆኑ 99 ናቸው። 106 ፖዘቲቭ ወረቀት ይወጣል፤ ሩማቶይድ ያለባቸው ግን 7 ብቻ።

ስለዚህ ደም ከመቀዳቱ በፊት እጅ ይታይ። ያበጠው የጣት ሥር አንጓና የእጅ አንጓ ነው ወይስ ከጥፍር በታች ያለው መገጣጠሚያ? እብጠቱ ሲጫኑት ይለሰልሳል ወይስ አጥንት ነው? አራቱ የጣት ሥር አንጓዎች ከጎንና ከጎን ባንድ ላይ ሲጨመቁ ያማል? ጠዋት ጣት እስኪታዘዝ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል? ከጥፍር በታች ያለ ጠጣር እብጠት፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የሚላቀቅ ጣት፣ በሥራ የሚብስ ሕመም ወደ መገጣጠሚያ መበላት ያመለክታል፤ እሱን የሚያሳይ አውቶአንቲቦዲ የለም። ያልፈላ ወተት ጠጥቶ ትኩሳትና ላብ ያለበትን ሰው ደግሞ ብሩሴላን፣ ማለትም ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፈውን የባክቴሪያ ኢንፌክሽን፣ ሳያስቡ ማለፍ ስህተት ነው።

አሁን ወደ ላብራቶሪው ጠረጴዛ። አርኤፍ በብዛት የሚሠራው በላቴክስ ስላይድ ነው፤ አርኤፍ ካለ ጥቃቅኖቹ የላቴክስ ቅንጣቶች ይጓጎላሉ። ኪቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ በረዶ ከሠራ ላቴክሱ ተበላሽቷል፣ ይጣል። ከፍሪጅ እንደወጣ አይሠራበትም፤ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይጠበቃል፣ ጠርሙሱም በቀስታ ይነቀነቃል። አንድ ጠብታ ሴረም (ከረጋ ደም የሚለየው ፈሳሽ)፣ አንድ ጠብታ ላቴክስ፣ ከጎናቸው ውጤታቸው አስቀድሞ የታወቀ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ኮንትሮል፤ ስላይዱ 2 ደቂቃ ተሽከርክሮ ወዲያው ይነበባል። ባለሙያው ስልክ አንስቶ ከዘገየ ጠብታው ጠርዙ ላይ መድረቅ ይጀምርና የተጓጎለ ይመስላል፤ ከሐሰት ፖዘቲቮች አንዱ ምንጭ ይኸው ነው። ተቃራኒውም ያጋጥማል። አርኤፍ እጅግ የበዛበት ሴረም ሳይቀጥን ሲሠራ ሳይጓጎል ሊቀር ይችላል፤ ጥርጣሬው ጠንካራ ከሆነ በሳላይን (በጨው ውሃ) አቅጥኖ መድገም ነው።

ማቅጠኑ ለቁጥሩም ያስፈልጋል። መነሻ ልኩ 8 ዩኒት በሆነ ኪት 16 እጥፍ ተቀጥኖም (1፡16) የተጓጎለ ሴረም 128 ዩኒት በሚሊ ሊትር ማለት ነው። በ2010 የወጣው የአሜሪካና የአውሮፓ ሩማቶሎጂስቶች መስፈርት ከጤነኛው ጣሪያ ከ3 እጥፍ በላይ ለሆነ ውጤት 3 ነጥብ፣ ከዚያ በታች ላለው ፖዘቲቭ 2 ይሰጣል። ቁጥር የሌለው «ፖዘቲቭ» ዝቅተኛውን ነው የሚያገኘው። ከ10 ነጥብ 6 ካልሞላ ሩማቶይድ አይባልም፤ ቀሪው ነጥብ የሚመጣው ከመገጣጠሚያው ብዛት፣ የሰውነት ብግነት ከሚለኩት የደም ምርመራዎች ኢኤስአር ወይም ሲአርፒ፣ እና ሕመሙ 6 ሳምንት ከመሙላቱ ነው።

ሌላው የሩማቶይድ አውቶአንቲቦዲ አንቲ ሲሲፒ ይበልጥ ይታመናል። ከአርኤፍ ያነሰ ሰው ያሳስታል፤ በሽታው ከመጀመሩ ከዓመታት በፊትም ሊታይ ይችላል። አንዳንድ የቲቢ ታማሚዎች ላይም ስለሚገኝ ሳል ካለ ደረት ይታይ። ናሙናው ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ ሴረሙ ከረጋው ደም ተለይቶ፣ ቀዝቅዞ ይሂድ፤ ደጋግሞ በረዶ ማድረግና ማቅለጥ ያበላሸዋል።

ኤኤንኤ፣ ማለትም የሴልን ኒውክሊየስ የሚያነጣጥሩ አውቶአንቲቦዲዎች ምርመራ፣ የሚታዘዘው ሉፐስ (መከላከያው ብዙ የሰውነት ክፍሎችን የሚያጠቃበት በሽታ) ሲጠረጠር ነው፦ ፀሐይ የሚያስቆጣው የፊት ሽፍታ፣ የአፍ ቁስል፣ ሽንት ላይ ፕሮቲን፣ የደም ሴል መቀነስ። ሴረሙ 80 እጥፍ ሲቀጥን (1፡80) ከ100 ጤነኛ ሰዎች ከ10 በላይ ፖዘቲቭ ይሆናሉ፤ «ሰውነቴን ያመኛል» ላለ ሁሉ ማዘዝ ጭንቀት መግዛት ነው።

መላ አካሉን ለወራት የሚያመው፣ እንቅልፍ የማያረካውና መገጣጠሚያው ያላበጠ ሰው ያለበት ፋይብሮማያልጂያ ሊሆን ይችላል። በ2021 የወጣ ጥናት የታማሚዎቹ አይጂጂ ወደ አይጦች ሲተላለፍ አይጦቹ ለሕመም ስሱ እንደሆኑ አሳይቷል። ግኝቱ ትልቅ ነው፤ ክሊኒክ ውስጥ የሚሠራ ምርመራ ግን ገና አልሆነም፤ የአርኤፍ ኔጌቲቭ ወረቀትም ሕመሙን ውሸት አያደርገውም።

ሕክምና ከተጀመረ በኋላ አርኤፍና ኤኤንኤን በየወሩ መድገም ገንዘብ ማባከን ነው። ሩማቶይድ በሚያብጡት መገጣጠሚያዎች ቁጥርና በኢኤስአር ወይም ሲአርፒ ይከታተሉታል፤ ሉፐስን በሽንት ምርመራ፣ በአንቲ ዲኤንኤ (ዲኤንኤ ላይ የሚጣበቅ አውቶአንቲቦዲ) እና በኮምፕሊመንት (በደም ውስጥ ያሉ የመከላከያ ፕሮቲኖች)።