ሞዴሉ ይቆየኝ፦ የተከታታይ ጥናት ልምምዴ እስካሁን

ተከታታይ ጥናት፣ ማለትም እነዚያኑ ሰዎች ወይም ቤተሰቦች በየዙሩ ደጋግሞ የሚጠይቅ ጥናት፣ መተንተን እየተለማመድሁ ነው። ስለዚሁ ካለፈው ገለጻዬ ወዲህ የረባ ቀመር (ሞዴል) አልሠራሁም። ጊዜዬን የበላው አንዱን ዙር ከሌላው ማዛመድ ነው፤ አሁን ግን የዘዴው ግማሽ ትምህርት እዚያ ያለ ይመስለኛል።

የምለማመደው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ከዓለም ባንክ ጋር ባካሄደው የማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት መረጃ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2011/12፣ በ2013/14 እና በ2015/16 ወደ እነዚያው ቤተሰቦች ተመላልሷል። በየዙሩ ሌላ ሰው ቢጠየቅ ኖሮ የምናገኘው የድህነትን መጠን ብቻ ነበር። ከመቶ 30ው ድሃ ነበረ፣ ዛሬም 30 ነው እንበል፤ ያው 30 ናቸው ወይስ 15ቱ ወጥተው ሌላ 15 ገባ? ይህን የሚመልሰው መከተል ብቻ ነው።

መከተሉ ግን ጣጣ አለው። በመጀመሪያው ዙር 30 ዓመት የተባለ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ 35፣ አንዳንዴም 28 ሆኖ ይመጣል። ዕድሜ ሲነገር በ0 ወይም በ5 ወደሚያልቅ ቁጥር ማጠጋጋት የተለመደ ነው፤ ለቤተሰቡ ሁሉ አንድ ሰው መልስ ሲሰጥ ደግሞ ይብሳል። ስም ለምስጢር ሲባል ከመረጃው ስለወጣ ሰውየው ያው መሆኑን ለማጣራት የምመለከተው ጾታንና ከቤቱ ኃላፊ ጋር ያለውን ዝምድና ነው። ያልተጣጣመውን አልሰርዝም፤ ምልክት አደርግበትና ስሌቱን ከነእርሱም ያለ እርሱም እሠራዋለሁ።

ሌላም ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው ዙር ገጠርንና ትናንሽ ከተሞችን ብቻ ሲይዝ ትልልቆቹ ከተሞች የተጨመሩት በሁለተኛው ነው። አማካዩ ከፍ አለ ብሎ መደሰት ይህን ካዩ በኋላ ይሁን። የ2018/19ኙ ደግሞ አዲስ ናሙና ስለሆነ ክሩን አይቀጥልም።

በጎን የማነበው ያንግ ላይቭስ የተባለውን ጥናት ነው። በፈረንጆች 2002 በኢትዮጵያ 3,000 ያህል ልጆችን ይዞ ተነሣ፦ 2,000ው ገና የአንድ ዓመት ገደማ፣ 1,000ው የስምንት ዓመት። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ታናናሾቹ በ2009 ስምንት ሲሞላቸው ታላላቆቹ በዚያው ዕድሜ ከነበሩበት ሁኔታ ጋር ይነጻጸራሉ፤ ዕድሜ ያመጣው ለውጥ ዘመኑ ካመጣው የሚለየው በዚህ መንገድ ነው። አንድ ቡድን ብቻ ቢከተሉ ሁለቱ ተጣብቀው ይቀራሉ። ቤት የቀየረውን ልጅ ፈልጎ ማግኘትም የሥራው አካል ነው፤ ለትዳር ወይም ለሥራ የሄደው ከቀረው ጋር አንድ አይደለምና። የሄዱትን ዘንግቶ የሚሠራ ስሌት የሚነግረን ስለ ቀሩት ነው፤ ለእኔ ይህ ከየትኛውም የሞዴል ምርጫ ይበልጣል።

ቀጥሎ ከክትትል የጠፉትን ቤተሰቦች በመጀመሪያው ዙር ከነበራቸው መሬትና ከኃላፊው ትምህርት አንጻር ከቀሩት ጋር አነጻጽራለሁ። የክብደት ማስተካከያ (የጠፉትን ለሚመስሉት ቀሪዎች በስሌቱ ከፍ ያለ ክብደት መስጠት) የሠራችሁ ካላችሁ የተጠቀማችሁበትን ኮድ ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል።