«ሱሪው ነው የከበደህ»

ዛፍ ቆራጭ ነኝ፣ ድሬዳዋ። ሰፈሩን ከዚራ ብዬ ልለፈው። ከዚራ ዛፍ የሌለው ግቢ ስለሌለ በዚህ ማንም አያገኘኝም። ያን ቀን ከኒሟ ሥር በርጫ ላይ የነበራችሁ ግን ታውቁኛላችሁ። አቦ፣ ሳቁ ይብቃ!

መጀመሪያ ስለ ሱሪው ላስረዳ፤ ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ስለተላከከ።

የሞተር መጋዝ ሱሪ ተራ ሱሪ አይደለም። ከፊት ለፊቱ በውስጥ በኩል የረጃጅም ክር ድርብርብ አለው። የመጋዙ ሰንሰለት ከነካው ክሮቹ ተመዝዘው ይወጡና ሰንሰለቱን የሚያዞረው ጥርስ ላይ ተጠቅልለው መጋዙን ቀጥ ያደርጉታል። እግርህ ይተርፋል፣ ሱሪው ይጣላል። ደረጃም አለው። የመጀመሪያው ደረጃ በሰከንድ 20 ሜትር የሚሮጥ ሰንሰለት እንዲያቆም ተፈትኖ ነው የሚወጣው። ዕቁብ ሲደርሰው ሰው ፍሪጅ ይገዛል። እኔ በጅቡቲ በኩል በሚመላለስ ሰው ይህንን ሱሪ አስመጣሁ። ባለቤቴ እስከዛሬ ቀዝቃዛ ውሃ በጠማት ቁጥር ሱሪውን ታየዋለች።

ችግሩ፣ ሱሪውን የሠሩት ሰዎች በረዶ ላይ ቆመው ነው ዛፍ የሚቆርጡት። እኔ በሰኔ፣ በ35 ዲግሪ፣ ድሬ ውስጥ ነኝ። ለብሼው ባጃጅ ስገባ ሹፌሩ የሁለት ሰው ሂሳብ ጠየቀኝ። ሳወልቀው አይወድቅም፤ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ጥግ ላይ ይቆማል። አንድ ሌሊት ባለቤቴ ለውሃ ተነስታ «ማነህ አንተ?» ብላ ጮኸችበት። እሱም አልመለሰላት። ሲታጠብ ደግሞ ለመድረቅ ገመዱን ሙሉ ይዞ ስለሚውል የጎረቤት ልብስ ቦታ ያጣል። አንድ ጊዜ በረኪና ልታደርግበት ስትል ሮጬ ነጠቅኳት፤ በረኪና ክሩን ይበላዋል። «እና ይሄ ነው እግርህን የሚያድንልህ? በረኪና የሚፈራ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ዛፍ ላይ ይዣት የምወጣው መጋዝ ትንሿ ናት፣ እጀታዋ ከላይ የሆነው። ሰንሰለቷ የሚሞረደው በ4 ሚሊ ሜትር ክብ ሞረድ ነው፣ በ30 ዲግሪ ማዕዘን። ሞረዴ አልቆ ነበር። ድሬ ውስጥ ክብ ሞረድ ፍለጋ ዞሬ ያላየሁት ሱቅ የለም። ታይዋን ገበያ ሄድኩ፣ አሸዋ ገበያ ሄድኩ። ጠፍጣፋ ሞረድ አለ። ባለ ሦስት ማዕዘን አለ። አንዱ ባለ ሱቅ ለጥፍር ይሁን ለብረት ያልለየለት ነገር አውጥቶ «ሞረድ ሞረድ ነው አቦ፣ ምን ታካብዳለህ?» አለኝ። ስለዚህ ከሐረር የሚመጣ ሰው እንዲይዝልኝ አዝዤ ሰንሰለቱን ፈትቼ አስቀመጥኩት። ለሥራው ደግሞ ገና ከላስቲኩ ያልወጣ መለዋወጫ ሰንሰለት ነበረኝ።

ረዳቴ ጥሩ ልጅ ነው። ጥፋቱ ጥሩ መሆኑ ነው። እኔ ሳላይ የደነዘዘውን ሰንሰለት ወደ አንድ ብረት ቤት ወስዶ በግራይንደር አሳለው። ከዚያም መጋዟ ላይ መልሶ ገጠመው። አዲሱንማ «ለሌላ ቀን እንቆጥበው» ብሎ ቤት ትቶታል! ይህንን የነገረኝ ዛፍ ላይ ከወጣሁ በኋላ ነው፣ ከታች ሆኖ፣ በደስታ። «ጋሼ፣ ሰርፕራይዝ! አሳልኩልህ!»

ግራይንደር ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። የሰንሰለት ጥርስ ግማሹ የግራ፣ ግማሹ የቀኝ ነው። ሁለቱ ወገን እኩል ርዝመትና እኩል ስለት ሊኖራቸው ይገባል። ካልሆነ መጋዙ ወደ ተሳለው ወገን እያጠማዘዘ ይሄዳል፤ ቀጥ ብሎ የሚገባው ምላጭ በቆለመመ ስንጥቅ ውስጥ ይነከሳል። ሰውዬው የቀኙን ጥርስ ሲስል ቆይቶ ግራው ላይ ሲደርስ የሰለቸው ይመስለኛል። የሳለውንም ቢሆን ብረቱ ሰማያዊ እስኪሆን አቃጥሎታል። ሰማያዊ የሆነ ጥርስ ጥንካሬው ሄዷል ማለት ነው፤ ሁለት ቅርንጫፍ ሳይቆርጥ ይደነዝዛል። ለዚህ ገንዘብ ተቀብሏል። ረዳቴ ደግሞ ጉርሻ ጨምሮለታል!

ሥራው የጠዋት ነበር። በድሬ ፀሐይ ከሰዓት ዛፍ ላይ የሚወጣ ጦጣ ብቻ ነው። ግን ቤንዚን። ማደያው ጋ የነበረውን ሰልፍ አልናገርም፤ የድሬ ሰው ያውቀዋል። በሃይላንድ የሚሸጠውን እንዳልገዛ ደግሞ ምን እንደተቀላቀለበት አላህ ነው የሚያውቀው። የኔ ሞተር በመጠን ነው የሚጠጣው፣ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት። በዚያ ላይ ሌላ ነገር ከተጨመረበት ፒስተኑ ይሰናበታል። ስለዚህ ተሰለፍኩ፣ ፀሐዩም እኩል ተሰልፎ ጠበቀኝ። ሥራውን ያዘዙኝ እትዬ ግቢ ስደርስ ስምንት ሰዓት ሆኗል።

ስምንት ሰዓት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለድሬ ሰው አላስረዳም። ኒሟ ሥር ምንጣፉ ተነጥፏል፣ ትራሱ ተደርድሯል፣ ፔርሙሱ ቆሟል።

«ተነሱልኝ፣ ቅርንጫፍ ላወርድ ነው» አልኩ።

«የትኛውን?» አሉ።

ጣሪያው ላይ የተጋደመውን አሳየኋቸው። ተያዩ። አንዱ በሐዘኔታ «እሷንማ አትንካ። እሷ የዘጠኝ ሰዓት ጥላ ናት» አለኝ። ሌላው ደግሞ በምትኩ ማንንም የማታስቸግር ሌላ ቅርንጫፍ መረጠልኝ፤ የአምስት ሰዓት ጥላ ናት፣ ያን ሰዓት እነሱ የሉም። እትዬ ከበረንዳ ሆነው «ቆርቆሮዬን ልትበሳ ነው!» ሲሉ በብዙ ድርድር ምንጣፉ ሁለት ክንድ ያህል ፈቀቅ አለ። ወላሂ ሁለት ክንድ! ደግነቱ ቅርንጫፉን በገመድ ይዤ ነው የማወርደው። (ስለ ገመዱ፦ ጎረቤቴ የአረፋ በግ ላስርበት ስጠኝ ካለኝ ጀምሮ አልጋ ሥር ነው የምደብቀው። ፀሐይም ይጎዳዋል፣ በግም ይጎዳዋል።)

ወጣሁ። ቀበቶው፣ ሄልሜቱ፣ የጆሮው መሸፈኛ፣ ሱሪው፣ ሁሉም አለ። ከታች ዝም ብለው ያዩኛል። እውነት ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። መጋዟ በአንድ ስበት ተነሳች። ከዚያ ረዳቴ ሰርፕራይዙን ጮኸልኝ፤ ግን እኔ ጆሮዬ ተሸፍኗል። እጄን አወዛውዤለት ቀጠልኩ።

መጋዟ ቅርንጫፉን ግማሽ ድረስ ሄደች፣ ወደ ቀኝ ዞረች፣ ተነከሰች፣ ጠፋች።

ብስባት አልወጣ አለች። ብገፋት አልሄድ አለች። እሷ ቅርንጫፉ ውስጥ፣ እኔ ገመዱ ላይ ቀረን። ላቤ በሱሪው ውስጥ ወርዶ ጫማዬን ሞላው።

ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ከገባ ወዲህ እዚህ ከተማ መካኒክ ያልሆነ ሰው የለም። ከታች ምርመራው ተጀመረ። «ካንዴላውን ፍታው!» «ፊልትሮው በአቧራ ተደፍኖ ነው!» «ቤንዚኑ ውሃ አለው፣ ከየት ነው የቀዳኸው?» ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ አንድ ሰውዬ ጉንጫቸውን እንደሞሉ ቀና ብለው አዩኝና «ፓ ቦን፣ ፓ ቦን» አሉ፤ በፈረንሳይኛ «ጥሩ አይደለም» ማለታቸው ነው። ሌላ ነገር አልጨመሩም።

የጆሮዬን መሸፈኛ አንስቼ «ሞተሩ ደህና ነው! ጥርሱ ነው! የግራው ጥርስ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ጥርስህን አሞህ ነው?» አለ አንዱ። «ኒም እኮ ላይ ነህ፤ መፋቂያ ቅጠፍ!»

ሳቁ ጣቢያው ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ሌላው ደግሞ «ለኔም ቀጭን ቀጭኗን!» ብሎ አዘዘኝ።

በዚህ መሐል የጎረቤት ግቢ ዘበኛ መጡ። ሽማግሌ ናቸው፣ በሽርጥ፣ ባዶ እግራቸውን። ሽርጣቸውን ሸብ አደረጉ፣ ፋሳቸውን ወገባቸው ላይ ሻጡ፣ ወጡ። እኔ የወጣሁት በገመድ፣ በካራቢነር፣ በቋጠሮ ነው። እሳቸው ዝም ብለው ወጡ። አጠገቤ ሲደርሱ ሰላምታ ሰጡኝ፣ በአክብሮት። ከራሱ ከኒሙ አንዲት ቁራጭ ጠርበው ሽብልቅ አደረጉና ስንጥቁ ውስጥ በፋሱ ጀርባ ቀጥቀጥ፣ ቀጥቀጥ። ስንጥቁ ከፈት አለ። መጋዟ ወጣች። የቀረውን በፋስ ጨረሱት፣ ቅርንጫፉ ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀስ ብሎ ወረደ። ቆርቆሮው ደህና፣ ፔርሙሱም ደህና።

ሽብልቅ እኮ አለኝ! የፕላስቲክ፣ ብርቱካናማ፣ ሁለት ፍሬ! ረዳቴ ኪስ ውስጥ ነበር። «ወርደህ ስጠኝ አላልከኝም» አለኝ በኋላ። ወጥቼ ሳለሁ ወርጄ ልጠይቀው ኖሯል።

ሽማግሌው ሊወርዱ ሲሉ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ቀስ ብለው ነው የተናገሩት፣ ለኔ ብቻ ብለው፤ ግን ከሥር ጸጥ ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማ።

«ልጄ፣ ሱሪው ነው የከበደህ።»

እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። ጥርሱን ሰማያዊ አድርጎ ያቃጠለው ሰውዬ ብረት ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ሻዩን ይጠጣል። ስለሱ የጠየቀ የለም። የግራ ጥርስና የቀኝ ጥርስ ልዩነት ለማስረዳት ሰንሰለቱን ፈትቼ በርጫው መሐል ዘረጋሁት። በትህትና አዩት። ከዚያ አንዱ የሱሪዬን ጉልበት በጣቱ ጠቅ ጠቅ አድርጎ «ውስጡ ጥጥ ነው?» አለኝ።

እትዬ ሂሳቡን ለሁለት ከፈሉት። ለኔ ከፍለው ሲያበቁ ደግሞ «እንጨቱንም ውሰደው፣ ለቤትህ ይሆናል» ብለው ከኔ ድርሻ ላይ ቀነሱ። ይሄ የሁሉም ደንበኛ በሽታ ነው። ለመጋዝ፣ ለገመድ፣ ለዘይት፣ ለቤንዚን ስንት እንደሚወጣ አይጠይቁም። «ቅርንጫፍ ለመቁረጥ ነው ይሄ ሁሉ?» ይላሉ፤ ከዚያ እርጥብ ኒም ያሸክሙህና ተጠቅመሃል ይሉሃል። እርጥብ ኒም እኮ ጭሱ እንጂ እሳቱ አይታይም።

ትናንት ስልኬ ጠራ፤ እትዬ ናቸው። ጎረቤታቸው ያረጀ የድሬዳዋ ዛፍ አላቸው፣ ያ ቀይ አበባ ያለው፤ አጥሩ ላይ ተደግፏል። ልቤ ሞቅ አለ፣ መቼ ልምጣ አልኩ።

«አይ፣ የዚያን የባለ ሽርጡን ስልክ ትሰጠኛለህ ብዬ ነው።»

ሽማግሌው ስልክ የላቸውም። በእግሬ ሄጄ ነገርኳቸው። ቅዳሜ ጠዋት እንሄዳለን፤ እሳቸው ይወጣሉ፣ እኔ ገመድ እይዛለሁ፤ ዋጋውን የሚደራደሩትም እሳቸው ናቸው። ቀበቶ ካላደረጉ አይወጡም ብዬ ሞቼ ተነስቼ እሺ አሰኘኋቸው። ሄልሜቱን ግን አልተቀበሉኝም። ዛፉ ሥር በርጫ አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አለ አልኳቸው። «እንግዲያው ለነሱ ስጣቸው፤ ቅርንጫፍ የሚወድቀው ወደታች ነው» አሉኝ።